የእርሾ በሽታ ታሪክና ተጋላጮቹ

እርሾ ለእኛ በመጀመሪያ የማጀት ቃል ነው፤ ሊጥ የሚያቦካ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚዋዋሱት። ስለሆነም «የእርሾ በሽታ» የሚለው አነጋገር ለጆሮአችን እንግዳ ይሆናል። ካንዲዳ የተባለው እርሾ ከቡሖ የሚመጣ አይደለም፤ በብዙ ጤነኞች አፍ፣ አንጀትና የሴት ብልት ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራል። ታዲያ በአንዱ ዘንድ ጸጥ ብሎ የሚኖረው በሌላው ላይ ደዌ የሚሆነው ለምንድን ነው? በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ የዚህ በሽታ ታሪክ በመሠረቱ የተሸካሚው ሰው ታሪክ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1839 ጀርመናዊው ሐኪም በርናርድ ላንገንቤክ በአንድ የታይፈስ ሕመምተኛ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ይህን ፈንገስ አየ፤ ይሁን እንጂ የታይፈሱ መንሥኤ መሰለው። ታይፈሱ ግን አስቀድሞ ሰውየውን ጥሎት ነበር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ እርሾው ቀድሞ በተዳከመ አካል ላይ የተነሣ ነበር። በ1842 በፓሪስ ይሠራ የነበረው የሃንጋሪ ተወላጅ ዳቪድ ግሩቢ በሕፃናት አፍ ላይ የሚታየው ነጭ ሽፋን ከፈንገስ የሚመጣ መሆኑን ገለጸ። በ1923 ደግሞ ሆላንዳዊቷ ክሪስቲን ቤርክሃውት «ካንዲዳ» የተሰኘውን የወገን ስም አወጣች፤ በላቲን ነጭ ማለት ነው።

ከ1940ዎቹ ወዲህ ተጋላጮችን ያበዛው፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ የሕክምናው እድገት ራሱ ነው። አንቲባዮቲክ ጎጂውን ባክቴሪያ ሲገድል፣ እርሾውን በልክ ይዘው የሚያኖሩትንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አብሮ ይጠርጋል። ለዚህም መልስ የሰጡት ኤልዛቤት ሄዘንና ራቸል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት ነበሩ። አንዷ በኒውዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ በኦልባኒ ሆነው ናሙና በፖስታ እየተላላኩ በ1950 ኒስታቲንን አስታወቁ፤ ስሙንም ከኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ወሰዱት። ከመድኃኒቱ የተገኘውን 13 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገቢም ለሳይንስ ምርምር አዋሉት።

በሰኔ 1981 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ስለ አምስት የሎስ አንጀለስ ወጣት ወንዶች የሳንባ ምች ዘገባ ሲያወጡ፣ አምስቱም ካንዲዳ እንደነበረባቸው ተመዝግቧል። ኤድስ ገና ስም ሳይኖረው እርሾው ምስክርነቱን ሰጥቶ ነበር። በአገራችንም የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ከታወቁ በኋላ የአፍ ነጭ ሽፋን የሹክሹክታ ርእስ ሆነ፤ የሕክምና ምልክት መሆኑ ቀርቶ የነውር ማኅተም ተደርጎ ተቆጠረ። ይህ ፍርድ የላንገንቤክን ስሕተት መድገም ነው።

ምክንያቱም የተጋላጮቹ ዝርዝር ሰፊ ነው፦ አራስ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ሕመምተኞች፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው አረጋውያን፣ ለአስም ኮርቲዞን የሚስቡ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ። ከሴቶች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በብልት ይይዛቸዋል። ለሞት የሚያሰጋው ግን እርሾው ወደ ደም ሲገባ ነው፤ ይህም በይበልጥ የሚደርሰው በጽኑ ሕሙማን ክፍል በደም ሥራቸው ቱቦ ገብቶላቸው በሚተኙት ላይ ነው። በ2009 በጃፓን ከአንዲት ሴት ጆሮ ተገኝታ የተገለጸችውና ብዙ መድኃኒቶችን የምትቋቋመው ካንዲዳ አውሪስም፣ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት እጅግ አሳሳቢ ብሎ ከመደባቸው ፈንገሶች አንዷ ናት።

በስደት የምንኖረው ምሁራን ስለ አገር ጉዳይ አደባባይ ስንሟገት፣ ስለ ገላችን ግን እንደ ጥንቱ ዝም እንላለን። እኅቶቻችን ማሳከኩን ደብቀው፣ ከጓዳ በተረፈ አንቲባዮቲክ ይበልጥ ያባብሱታል። ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ግን ስኳሩን ቢለካ፣ ስለሚወስደው መድኃኒትም ሐኪሙን ቢጠይቅ፣ ከበሽታው በስተጀርባ ያለው ሌላ ደዌ በጊዜ ይደረስበት ይሆናል።