ስለ ጣና ደንገልና ስለ ፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ሁለት ወንዞችን በድልድይ ይሻገራል። ወረታ ከመድረሱ በፊት ጉማራን፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ደግሞ ርብን ነው። በሁለቱ ወንዞች መካከል ወደ ግራው ቢመለከት ዐይን የሚያግድ ኮረብታ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ያያል፤ ይህም ፎገራ ነው። ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በመኸር በሩዝ ይሸፈናል፤ በበጋም ሽንኩርት ይተከልበታል። መንገደኛው ግን እምብዛም አይቆምም። አገር ጎብኚ ከሆነ ከባሕር ዳር በጀልባ ወጥቶ የደሴቶቹን ገዳማት ተመልክቷል፤ ከፊቱም የጎንደር ቤተ መንግሥት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ፎገራ ለእርሱ በሁለት ታሪካዊ ስፍራዎች መካከል የተዘረጋ መንገድ ብቻ ነው። ጎብኚው ሊያየው የመጣው ሐይቅ ግን ሕይወቱን ከሚያገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ሳይቆም ያለፈው ሜዳ ነው። ይህን ለአንባቢ ለመግለጽ ነገሩን ጥቂት ከሩቅ መጀመር ያስፈልገናል።

ስለ ባሕር ጥበቃ በዓለም ላይ ሲነገር በመጀመሪያ የሚነሣው ኮራል ነው። ኮራል ለዐይን ድንጋይ ቢመስልም፣ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ሕያዋን ፍጥረታት ዘመን ከዘመን እየተደራረቡ የሚሠሩት የባሕር ውስጥ ግንብ ነው። ከባሕር ወለል ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ በባሕር ከሚኖሩት የፍጥረት ዓይነቶች አንድ አራተኛ ያህሉ በዕድሜያቸው አንድ ወቅት ይጠለሉበታል። ማዕበልን ይሰብራል፤ የዓሣን ጫጩት ያሳድጋል፤ ጎብኚንም ከሩቅ አገር ይጠራል። እኛ ኢትዮጵያውያን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌለን ጉዳዩ የሌሎች ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን አባቶቻችን ጣናን ባሕር ብለው ጠርተውታል፤ በዳርቻው ያለችው ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። (ወረታም በዘመናችን ደረቅ ወደብ ተሠርቶላታል። የባሕር ነገር ከዚህ ሜዳ ፈጽሞ አልራቀም ለማለት ያህል ነው።)

አውስትራሊያ ታላቁን የኮራል ግንቧን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. በሕግ ከለለች፤ ከ1993 ጀምሮም እያንዳንዱ ጎብኚ ለጥበቃው የሚውል ገንዘብ እንዲከፍል አደረገች። በካሪቢያን ባሕር ያለችው ቦኔር የምትባል ትንሽ ደሴትም ከ1992 ጀምሮ ባሕሯ ውስጥ ከሚጠልቁት እንግዶች ተመሳሳይ ክፍያ ትቀበላለች። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚያይ ሰው ይከፍላል፤ በተከፈለውም ይጠበቃል። ዳሩ ግን አውስትራሊያውያን ቆይተው ሌላ ነገር ተረዱ። ኮራላቸውን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ከባሕሩ ርቆ ከሸንኮራ አገዳው እርሻና ከከብት ማሰማሪያው በወንዝ ታጥቦ የሚመጣው ደለልና ማዳበሪያ ነበር። ስለዚህ የባሕሩ ጠባቂዎች ጀልባቸውን ትተው ወንዙን ሽቅብ ተከትለው ከገበሬው ደጅ መድረስ ግድ ሆነባቸው።

ጣና ኮራል የለውም። በኮራል ፈንታ የተሰጠው ደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር እንደ አጥር ቆሞ ማዕበሉን ያበርዳል፤ ከወንዝ የሚገባውን ደለል ያጣራል፤ የዓሣ ጫጩትና የወፍ ጎጆ ይሸሽጋል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩት ከዚሁ ነው። የሐይቁ ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቀቱ እጅግ በሚጠልቅበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ስስ ውሃ ደለል ሲገባበት ይህ ነው የማይባል ጉዳት ይደርስበታል፤ ስለዚህ ዳርቻው ከመካከሉ ይልቅ ይከብራል።

በዚህ ውሃ ውስጥ ያለው ሀብት ደግሞ ለገዳማቱ መጻሕፍትና ሥዕሎች ከምንሰጠው አድናቆት ጥቂቱን እንኳ አላገኘም። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፕል በ1825 ዓ.ም. ጎንደር በነበረ ጊዜ የጣናን ዓሦች ሰብስቦ ወደ አገሩ ወስዶ በዝርዝር ጽፎላቸዋል። ከእርሱ በኋላ የመጡ አንዳንድ ሊቃውንት ግን ልዩነታቸውን ንቀው ብዙዎቹን በአንድ ስም ጠቀለሏቸው። እንደገና ተለያይተው የታወቁት በ1980ዎቹ ዓመታት የሆላንድ ተመራማሪዎች በባሕር ዳር ተቀምጠው ባደረጉት ጥናት ነው። ባላገሩ ነጭ ዓሣ የሚለው ወገን በእርግጥ 15 ልዩ ልዩ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ከአንድ የወንዝ ዓሣ የተገኙ ሲሆኑ፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለ ለያቸው በሐይቁ ውስጥ ለብቻቸው ተባዝተው መልካቸውን ለወጡ። ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው፤ ወገናቸው በመንጋጋው ጥርስ የሌለው ስለ ሆነ ይህ ነገር የዓለምን ሊቃውንት አስገርሟል።

በዓለም ላይ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አንድ ሌላ ሐይቅ ነበረ፤ እርሱም በፊሊፒንስ አገር ያለው ላናኦ ነው። በዚያ ባዕድ ዓሣ ገባበት፤ ማጥመዱም ከልክ አለፈ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ከሐይቁ ልዩ ዓሦች መካከል 15ቱ ፈጽመው እንደ ጠፉ ለዓለም ተነገረ። ስለዚህ ጣና በዚህ ረገድ ብቻውን ቀርቷል።

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። ከእነዚህ ዓሦች ግማሽ ያህሉ በሐይቁ ውስጥ አይወልዱም። ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ በጉማራ፣ በርብና በሌሎቹም ገባሮች አፍ ተሰብስበው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ወገን ይመነጫሉ። እንግዲህ በጉና ግርጌ የሚታረሰው ቁልቁለት፣ ከወንዙ የሚወጣው አሸዋና ጠጠር፣ በሸለቆው የሚሠራው ግድብ፣ በወንዙ የሚበተነው የብርብራ ዱቄት ሁሉ በአንድ ዓሣ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ፎገራ ድሮ የከብት አገር ነበር። ቡራቡሬ መልክና የወተት በረከት ያለው የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሣር ነው፤ በአንዳሳ ያለው የምርምር ጣቢያም ዘሩ እንዳይጠፋ ሲደክምበት ኖሯል። የሜዳው ረግረግ ለከብቱ የበጋ ግጦሽ፣ ለዓሣው የክረምት ማሳደጊያ ሆኖ ሁለቱን በፈረቃ ያስተናግድ ነበር። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ክሬን የሚባሉትንና ክረምትን ሸሽተው ከሰሜን አገር የሚመጡትን ባለ ረጅም እግር ወፎች የሚቀበሉ ናቸው።

በ1950ዎቹ ዓመታት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝምን ሥራ በመንግሥት ደረጃ አቋቁሞ ኢትዮጵያን የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ብሎ ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ጣና ከጎንደር፣ ከላሊበላና ከአክሱም ጋር በታሪካዊው ጉዞ ውስጥ ገባ። ሐይቁም የገዳማቱ መንገድ ሆኖ ተዋወቀ፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ስለ ውሃው ራሱ፣ ስለ ደንገሉና ስለ ዓሣው ለእንግዳው የነገረው ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በበጎ አሳብ የሆነ ነው። በሜዳው ላይ የዱር ሩዝ ሲበቅል ስለ ታየ በ1970ዎቹ ዓመታት በጅግናና በሻጋ ሩዝ ተሞከረ፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም ረዱ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ውሃ ተኝቶበት እህል እንቢ ያለውን መሬት አበላ። ዛሬ ባላገሩ ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግረዋል፤ ጠላም ይጠምቀዋል፤ ገለባውንም ለከብት ያበላል። ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማእከል አላት። በ1978 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና አዲስ መረብ ለዓሣ አጥማጁ መጡለት። አጥማጁም ዓሣው ለመውለድ በወንዝ አፍ የሚሰበሰብበትን ወር ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ከነጭ ዓሣው ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ጎደለ። በ1988 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል በጨረጨራ የሐይቁ መውጫ ተገደበ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ ውሃውም ለኃይል ማመንጫ ሲለቀቅ ሐይቁ እጅግ ወረደ፤ መርከቦች ለወራት ቆሙ፤ በደረቀው ዳርቻ ደንገሉ ጠፍቶ እርሻ ተተካበት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በዚያው ዓመት መሆኑ የሚያስተዛዝብ ነው። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1998 ክረምት፣ ተቃራኒው ሆነና ርብ ሞልቶ የፎገራን ቀበሌዎች አጥለቀለቀ።

ደንገሉ ለቆ የሄደውን ስፍራ እምቦጭ ያዘው። ይህ የደቡብ አሜሪካ አረም በጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ግድም ሲሆን በጥቂት ዓመት ውስጥ በፎገራ ዳርቻ ያሉትን ናቤጋንና ዋገጠራን የመሳሰሉ ቀበሌዎች አስጨነቀ። ዩኔስኮ ሐይቁን በ2007 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግበው እምቦጩም አብሮት ይስፋፋ ነበር። በዘመቻው ጊዜ ተማሪውና ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል፤ የሚያኮራ ነበር። ነገር ግን አረሙን የሚያፋፋው ደለልና ማዳበሪያ ከላይ እስከ ወረደ ድረስ የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በዚያ ዳርቻ አንድ አዛውንት ገበሬ አግኝቶ፣ «አባቴ፣ እዚህ የነበረው ደንገል ምን በላው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እርሳቸውም ሩዛቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ልጄ፣ እኛው በላነው። ደንገል ልጅ አያሳድግም፤ ይህ ግን አሳደገልኝ» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዓሣው መደበቂያው እዚያ ነበር፤ እርሱም ልጅ ነበረው» ሲሉ ጨመሩ።

በእኚህ አዛውንት ላይ ሊፈርድ የሚችል ማን ነው? ሐይቁን የሚያስጎበኝ ጀልባ ገቢው በባሕር ዳርና በገዳማቱ አካባቢ ይቀራል፤ ደንገሉን ባያርሱት ኖሮ ግን ጉዳቱን ብቻቸውን የሚሸከሙት እርሳቸው ነበሩ። ኮራልን የሚጠብቁ አገሮች ከጎብኚው የሚቀበሉትን ክፍያ እንመልከት ስንል ስለ ገንዘቡ ብዛት አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በደረሰው ግጭት ጎብኚው ራሱ አንሷልና ስለ ብዛት መናገር ጊዜው አይደለም። ነገሩ ስለ አቅጣጫው ነው፤ ጎብኚው ሲመለስ ከሚከፍለው ውስጥ ጥቂቱ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ እስከ ዋገጠራና እስከ ጉና ግርጌ ይድረስ ነው የምንለው። ለተተወ የደንገል ዳርቻ የሚከፈል ኪራይ፣ በነሐሴና በመስከረም መረቡን ለሚሰቅል አጥማጅ የሚሰጥ ማካካሻ፣ ወፍና ዓሣ ለማየት ወረታ ላይ ለሚያድር እንግዳ የሚሆን ንጹሕ ማረፊያ፣ ሁሉም ከአንድ የግድብ ወጪ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። የወረታ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በክረምት መግቢያ ወደ ጉማራ ወንዝ ይዘው ቢወርዱ ደግሞ ምንም ወጪ የለበትም።

በነሐሴ ወር የጉማራ ውሃ ደፍርሶ ይቀላል። የጎንደር አውቶቡስ በድልድዩ ላይ ሲያልፍ ተሳፋሪው መጋረጃውን ገልጦ ወደ ሜዳው ያያል፤ ከበታቹም ዓሣው ወራጁን እየተቃወመ ወደ ጠጠሩ ይወጣል።