ላሊበሎች ሲመጡ

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ ትርኢት ለማየት ስልካችሁን ትከፍታላችሁ። በእኛ የሰሜን ሸዋ መንደር ግን ትርኢት በእግሩ ይመጣ ነበር፤ ያውም ገና ሳይነጋ።

ጊዜው እህል ከገባ በኋላ ነው። ውሻው ይጮኻል፤ ወዲያው ከአጥሩ ውጭ የአንዲት ሴት ድምፅ ረዘም ብሎ ይሰማል። ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው። በላዩ የወንድ ድምፅ ይገባና ግጥሙን ይደረድራል። ከዚያ የምንሰማው የአያታችንን ስም ነው! ቀጥሎም የልጆቿን፣ የበሬዎቿን ሳይቀር። ይህን ሁሉ ማን ነገራቸው? እኔ ለብዙ ጊዜ መልአክ ይመስለኝ ነበር። ለካ ማታውኑ ጎረቤት ጠይቀው ኖሯል።

ላሊበላ እንላቸዋለን፤ ሐሚና የሚላቸውም አለ። እንደ አዝማሪ መሰንቆ አይዙም። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው በጉሮሯቸው ብቻ ይዞራሉ። የሰጣቸውን ይመርቃሉ፤ የነፈጋቸውን በዚያው ዜማ ይሸነቁጡታል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኛ ልጆች አንድ ንፉግ ጎረቤት እንዲገኝ እንመኝ ነበር።

አያቴ ገብስ በሰፌድ ይዛ ትወጣለች። ደግ ነበረች። ነገር ግን አቁማዳቸውን አትነካም፤ እጇን ዘርግታ ከሩቅ ታፈስላቸዋለች። አንድ ቀን ሴትዮዋ መሬት የወደቀውን ገብስ ስትለቅም ላግዛት ጎንበስ አልኩ። አያቴ በክንዴ ጎትታ አስገባችኝና እጄን በአመድ አሳጠበችኝ። ሴትዮዋ አየችን። ዜማዋን ግን አላቋረጠችም።

ላሊበሎች መዝፈን ካቆሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል፣ በዘራቸው አለ፣ ይባል ነበር። አያቴም ከእናቷ የሰማችው ይህንኑ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ተሕዋስ ያገኘው ግን በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። በሽታው በዘር አይወርድም። የአብዛኛው ሰው ሰውነት ራሱ ይቋቋመዋል፤ የታመመውም በመድኃኒት ይድናል። በአዲስ አበባ፣ ዛሬ ዘነበወርቅ በምንለው ሰፈር፣ ሚሲዮናዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቁመው ነበር። አለርትም በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እዚያው ነው። ከመንደራችን በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነበር፤ ወሬው ግን አልደረሰንም።

በነገራችን ላይ፣ በዘሌዋውያን 13 እና 14 ያለው «ለምጽ» በልብስና በቤት ግድግዳ ላይም ይወጣል። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚሰብኩ ሰዎች ይህን ምዕራፍ በደንብ ያነበቡት አይመስለኝም።

የሰውየው ግጥም አንድም አልቀረልኝ። የሴትዮዋ ዜማና በመሐሉ የተጠራው የአያቴ ስም ግን አሁንም ይሰማኛል። እነሱ በየደጁ የእኛን ስም ጠይቀው ሲመጡ፣ ከእኛ መንደር የእነሱን ስም የጠየቀ አንድ ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም።