የጉና ተራራ ዕድሜ በምን ተቆጠረ?

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየጁ መሳፍንት፣ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ዮሐንስ መቀመጫ ነበረች። የእነዚህን ነገሥታት ዘመን ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች መዝግበውታል። ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ የሆነው የጉና ተራራ ግን ዜና መዋዕል የለውም። ዕድሜው የታወቀው በሒሳብ ነው።

የሒሳቡ መሠረት በሩቅ አገር ተጣለ። ኧርነስት ራዘርፎርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 በካናዳ ከቶሪየም የሚወጣውን ጋዝ ሲመረምር፣ የጨረሩ ኃይል በየአንድ ደቂቃው ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ አስተዋለ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሩብ፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ስምንተኛው ብቻ ይቀራል። ይኸውም በየጊዜው የሚፈርሰው መጠን ምንጊዜም ከቀረው ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ ነው።

ይሁን እንጂ አንዱ አቶም አሁን ሲፈርስ ሌላው ስለምን ይቆያል? መልሱን የሰጠው ፕሮባቢሊቲ የሚባለው የይሆናልነት ስሌት ነው። አቶም አያረጅም፤ በእያንዳንዱ ቅጽበት የመፍረስ ዕድሉ እኩል ነው። ራዘርፎርድና ሃንስ ጋይገር በ1910 ባሳተሙት ሥራ፣ ከፖሎኒየም የሚፈልቁ የአልፋ ቅንጣቶችን እያንዳንዳቸው 7.5 ሰከንድ በሆኑ 2,608 ጊዜያት ቆጠሩ። ድምሩ 10,097፣ አማካዩ 3.87 ሆነ። በፈረንሳዊው ፖይሶን ቀመር መሠረት አንድም ቅንጣት የማይታይባቸው ጊዜያት 54 ያህል መሆን ነበረባቸው፤ የተቆጠሩት 57 ነበሩ። የአንዱ አቶም ዕጣ ባይታወቅም የብዙዎቹ ሥርዓት ታወቀ።

በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜው 1,250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከሚፈርሰው ውስጥ ከአሥር አንድ ያህሉ አርጎን ሆኖ በድንጋዩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በ2004 የታተመ ጥናት በዚሁ መንገድ የጉናን ዕድሜ 10.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አድርጎታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከ10,000 አቶሞች የፈረሱት 59 ያህል፣ አርጎን የሆኑት 6 ያህል ብቻ ናቸው። ከአየር ጥቂት አርጎን ቢቀላቀል ወይም ከድንጋዩ ቢያመልጥ ውጤቱ ይዛባል። ስለሆነም ዕድሜው ከነስሕተት ወሰኑ ይጻፋል።

በ2006 ጎርፍ ባጥለቀለቀው የፎገራ ሜዳ የርብን ሙላት የሚያሰላ መሐንዲስም ይኸው ግዴታ አለበት። የሚመጣውን ክረምት ጎርፍ አስቀድሞ መናገር አይችልም፤ የብዙ ዓመታትን ስርጭት መርምሮ የአደጋውን መጠን ከነጥርጣሬው ማስታወቅ ግን ይችላል።