ተግባቦት

የሥራ ማስታወቂያዎች «ጥሩ የተግባቦት ክህሎት ያለው» ይላሉ። ብዙ ሰው ይህን አንደበተ ርቱዕነት አድርጎ ይወስደዋል። ግሡ ግን «ተግባባ» ነው፤ ሥሩም «ገባ»። ነገሩ ሲገለጥልን «ገባኝ» እንላለን፤ አንዱ የሌላው ሐሳብ ሲገባው ደግሞ ተግባቡ ይባላል። አድማጩ ካልገባው ንግግሩ ምንም ቢያምር ተግባቦት የለም።

ይህ ልዩነት ዛሬ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ለመላክ ብቻ ባንክ የሚሰለፍ ቀንሷል። መስኮቱ ጋ የሚመጣው ማሽን ያልፈታለት ሰው ነው፦ ካርዱ የተዋጠበት፣ ብሩን በስህተት ወደ ሌላ ቁጥር ልኮ የተደናገጠ። እዚህ ላይ የባንክ ሠራተኛው ብር የመቁጠር ፍጥነት አያድንም። ሳያቋርጡ መስማት፣ ከዚያ «እናቴ፣ እንዲህ ነው ያሉኝ?» ብሎ የሰሙትን መልሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ በልምምድ ይመጣል፤ እንደ እኔ እምነት ከኮምፒውተር ሥልጠና እኩል ሰዓት ሊመደብለት ይገባል።

ነገሩ የባንክ ብቻ አይደለም፤ ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ ከ1980 እስከ 2012 ከሰው ጋር ብዙ መግባባት የሚጠይቁ ሥራዎች ድርሻ በ12 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ማደጉን አሳይቷል። ሒሳብ በብዛት እየጠየቁ መግባባትን ብዙም የማይሹ ሥራዎች ድርሻ ግን በዚያው ዘመን ቀንሷል።