ቆጠራን እንደ አዲስ መጀመር፦ ከገና በዓል እስከ ስታርት ቢት

ገና ሲነሳ ላሊበላን የማያስታውስ የለም። ለመሆኑ በዓሉ በአራት ዓመት አንዴ ከታኅሣሥ 29 ወደ 28 ለምን እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ ወዲህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መጋቢት 29 ከሚውለው የጽንሰት በዓል ተነስታ 275 ቀን ትቆጥራለች። ጳጉሜ 6 ቀን ስትሆን ቆጠራው አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል። በ2016 ዓ.ም. ያየነው ይህንኑ ነው።

ከታወቀ መነሻ ተነስቶ መቁጠር መሐንዲሶችንም ከችግር አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ በሠራው ቴሌግራፍ፣ ላኪና ተቀባይ ማሽኖች ሳያቋርጡ እኩል መሽከርከር ነበረባቸው። ኦፕሬተሩም ቁልፎቹን በማሽኑ ምት ልክ መጫን ግድ ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ግን አሜሪካዊው ሃዋርድ ክረም ለሌላ መላ የፈጠራ መብት አገኘ፦ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መነሻና መድረሻ ምልክት ይኑረው። ተቀባዩ መነሻውን ሲያይ ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። የዛሬው ማይክሮኮንትሮለር ሴሪያል ግንኙነት ይህንኑ ወርሷል።

ይሁን እንጂ መላው ገደብ አለው። በ9600 ባውድ አንድ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ ተቀባዩም የእያንዳንዱን ቢት መሐል ያነባል። ከስታርት ቢት መጀመሪያ እስከ ስቶፕ ቢት መሐል 9.5 ቢት ስላለ፣ በዚያ ርቀት ግማሽ ቢት ከተዛነፈ አለቀ። ይህም 5.3 በመቶ ገደማ ነው፤ ያውም የሁለቱ መሣሪያዎች ስህተት ተደምሮ። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢተው ይሻላል።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሙቀት መለኪያ ተከልን እንበል። ወጪ ለመቀነስ ክሪስታሉን ትተን፣ አትሜጋ328ፒ ቺፕ ውስጥ ባለው ኦስሌተር ተጠቀምን። ከፋብሪካ ሲወጣ፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስና በ3 ቮልት እንኳ፣ እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል። ጠረጴዛችን ላይ ብናስተካክለውም የቀኑ ፀሐይ፣ የሌሊቱ ብርድና የባትሪው መድከም ፍጥነቱን ይለውጡታል። ስታርት ቢት ያለፈውን ባይት ስህተት ይሰርዛል እንጂ፣ እዚያው ባይት ውስጥ የሚጠራቀመውን አያስቀርም።

ከመረጃው ቢቶች መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ በስተመጨረሻ የሚላከው ነው፤ እሱ ብቻውን 128 ይመዝናል። ጥቂት ማይክሮሰከንድ የሌሊቱን ብርድ የበረሃ ሐሩር ሊያስመስለው ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ ኦስሌተራችሁን ስታስተካክሉ በቀን ሙቀት ብቻ አትመኑ፤ ሌሊቱንም ጠብቃችሁ ለኩት። ካልሆነ ክሪስታል ግዙ።