የቀዶ ሕክምና ክፍል የደኅንነት ፍተሻ
ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ ወይም ደብረ ታቦር ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና የሚሄድ ታካሚ ስሙ ደጋግሞ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ካርዱ ጠፍቶ ሳይሆን የፍተሻው ሥርዓት ስለሆነ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የማረጋገጫ ቅጽ 19 ነጥቦች አሉት። ነጥቦቹ በማስታወስ ሳይሆን ከቅጹ ላይ ጮክ ተብለው በሦስት ጊዜ ሊነበቡ ይገባል።

1. ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፦ የታካሚው ማንነት፣ ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት አካል፣ የስምምነት ፊርማ፣ አለርጂ፣ የማደንዘዣ ማሽንና የኦክስጅን መለኪያ ይረጋገጣሉ።

2. ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፦ ባለሙያዎቹ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ይናገራሉ፤ የታካሚው ስምና የሕክምናው ዓይነት በድጋሚ ይነበባል፤ ኢንፌክሽን መከላከያ መድኃኒት ባለፉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠቱ ይጣራል።

3. ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት፦ በሰውነት ውስጥ የቀረ ነገር እንዳይኖር መሣሪያ፣ ጎዝና መርፌ ይቆጠራሉ፤ በተወሰደው ናሙና ላይ የታካሚው ስም መጻፉ ይረጋገጣል።

ታካሚው ወይም አስታማሚው የሚወሰደውን መድኃኒት፣ አለርጂንና ቀደም ሲል በማደንዘዣ ያጋጠመ ችግርን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ያልገባውንም ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል።