ሮሜዎ በጌርም፣ ኦቴሎ በአዲስ አበባ

ደብረ ብርሃን ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ብርዷ ነው፤ ቀጥሎ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ። ሼክስፒርን ከዚህች ከተማ ጋር የሚያነሳ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመንም። እኛም ብንሆን ሮሜዎን ያወቅነው በዲካፕሪዮ ፊልም ነው። (አትሳቁብን፣ እናንተም ያው ናችሁ!)

ከበደ ሚካኤል የተወለዱት እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ጌርም ገብርኤል ነው። በ1946 ዓ.ም. ‹‹ሮሜዎና ዡልየት››ን በአማርኛ ግጥም አሳተሙ። ርዕሱን እስቲ ደግማችሁ አንብቡት… ‹‹ጁልየት›› አላሉም፣ ‹‹ዡልየት›› ነው ያሉት። የተማሩት ፈረንሳይኛ ነበረና የእንግሊዙ ተውኔት የፈረንሳይ ቅላፄ ይዞ አማርኛ ገባ። እንግሊዞቹስ ቢሆኑ? ታሪኩን ያገኙት ከጣሊያን ነው።

መድረኩን ያሞቀው ግን የአምቦው ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ‹‹ኦቴሎ››ን ተርጉሞ በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ማለት ነው፣ አሳየ። ‹‹ሐምሌት››ም ተከተለ።

እኛን የሚገርመን ‹‹ኦቴሎ›› ነው። በ1956 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሎረንስ ኦሊቪዬ ኦቴሎን ለመሆን ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ማን ቀለም ይቀባል? ቬኒስ ውስጥ ባይተዋሩ ኦቴሎ ነው፤ እዚህ መድረክ ላይ ግን ባይተዋሮቹ የቬኒስ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ቬኒሳውያን ደግሞ ጣሊያኖች መሆናቸውን አትርሱ!

የጠላት ዘመን ካበቃ ያኔ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አንድ ሕግ አውጥተው ነበር፦ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ያንን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ቲያትር ቤት ገብቶ ተቀመጠ እንበል። አንዲት የጣሊያን ባላባት ልጅ ጥቁሩን ጄኔራል በፈቃዷ አግብታ፣ አባቷ ‹‹አስማት አድርጎባት ነው›› እያለ ሲከስሰው ያያል። ለዚህ ሰው ይህ የሩቅ አገር ተረት ነው? ‹‹ተውኔቱ ስለ ቅናት ነው›› ብለው ያስተማሩን ሰዎች ይህቺን ነገር ዘለዋታል፣ ወይም ፈተና ላይ አትመጣም ብለው ነው።

ባለፈው ሰሞን ጋቢ ተከናንበን የከበደ ሚካኤልን ዡልየት ጮክ ብለን አነበብን። አንዷ ጓደኛችን እስከ መጨረሻው ድረስ ‹‹ጁልየት›› ማለቷን አልተወችም።